ለጀማሪ የሚሆን ሶልደሪንግ አይረን (መበየጃ)፦ ከዚህ ልግዛ ወይስ ከአሜሪካ ይምጣልኝ?

ብልጭታ (ባህር ዳር)
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኤሌክትሪካል ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ሲነካ የሚጠፋ ሰርኪት ሰልችቶኛል። በእረፍቱ አንድ የኤፍ ኤም ራዲዮ ኪት መገጣጠም፣ በኤልኤም317 (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ቺፕ) ትንሽ ፓወር ሰፕላይ መሥራት፣ ከዚያ የአርዱዊኖ ሥራዎቼን ወደ ቬሮቦርድ (የሚበየድበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ማዛወር አስቤያለሁ።

ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ እዚሁ ገበያ ላይ ያለው ምንም መቆጣጠሪያ የሌለው 60 ዋት ነው። ሁለተኛው እጀታው ላይ ማዞሪያ ያለው፣ ከ200 እስከ 450 ዲግሪ የተጻፈበት። ሦስተኛው ደግሞ እህቴ ሜሪላንድ ስላለች፣ ለዘመን መለወጫ ስትመጣ ሀኮ ኤፍኤክስ-888ዲ የሚባለውን ባለ ሳጥን አይረን ልግዛልሽ ብላኛለች። ሁሉም ሰው ሀኮ ሀኮ ስለሚል ሦስተኛውን ይዤ ልዝጋው?

የምሠራው የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ይዋዥቃል፣ ይጠፋልም።

አምስት_ኪሎ (አዲስ አበባ)
የመጀመሪያውን ተዪው። ሁለተኛው ያስኬዳል። ሦስተኛው ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን እህትሽ ከመግዛቷ በፊት ቮልቴጁን ጠይቂ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)
አዎ፣ እባክሽ ዛሬውኑ ደውዪላት! እዚህ መደርደሪያ ላይ ያለው ኤፍኤክስ-888ዲ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 የሚቀበል አይደለም። ባህር ዳር 220 ላይ ከሰካሽው ትራንስፎርመሩ ይጋላል፣ ቢቀናሽ ፊውዙ ቀድሞ ይበጠሳል። 220 ቮልት የሆነው ሞዴል አለ፣ ግን እዚህ ሱቅ ገብተሽ የምታገኚው እሱን አይደለም። 120ውን ማሠራት የምትችዪው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተሽ ነው፤ እሱም ከባድ ዕቃ ነው።

ገመዱ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ተራ የአሜሪካ አይረን ማምጣት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ስለሚጨምር ለ120 የተሠራ አይረን 220 ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ከዘመድ የተላከ አይረን በደቂቃ ውስጥ ቀልቶ ሲያጨስ ያየ ሰው እዚህ ቤት አይጠፋም።

እኔ ብሆን ፓይንሲል የሚባለውን ትንሽ አይረን እንድታመጣልሽ ነበር የምጠይቀው። ዋጋውም ከሀኮው በጣም ያነሰ ነው። የሚሠራው ከ12 እስከ 24 ቮልት ዲሲ ስለሆነ የግድግዳው ቮልቴጅ አያሳስብሽም፤ እሱ የቻርጀሩ ጉዳይ ነው።

የድሮ_ራዲዮ (ደሴ)
ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ገና ሳትጀምሪ የዶላር ዕቃ ያሸክሙሻል። እኔ ናሽናልም ፊሊፕስም ስጠግን የኖርኩት ግድግዳ ላይ በሚሰካ 60 ዋት ነው። ጫፉ ድፍን መዳብ፤ ሲበላ በሞረድ አስተካክዬ፣ ሊድ (የሚቀልጠውን የመበየጃ ሽቦ) አልብሼ እቀጥላለሁ። የበዛ ሙቀት ሲያስቸግረኝ በገመዱ መሐል አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ከማብሪያ ጋር አስገባሁ። ማብሪያው ሲዘጋ መብራቱ በዳዮዱ ብቻ ያልፋል፣ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። አይረኑ ማረፊያው ላይ እያለ አይቃጠልም፣ ሥራ ሲመጣ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ዋናው እጅ ነው። የሞተ ራዲዮ ፈልጊ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ንቀዪ፣ መልሰሽ ትከዪ። ጫፉ ላይ ሊድ አቅልጠሽ ወደ ቦርዱ አትውሰጂ። አይረኑ ፓዱንና (ቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ ነጥብ) የክፍሉን እግር እኩል ይንካ፣ ሊዱን በሌላው በኩል አስጠጊ፣ ራሱ ይፈሳል። ይህን ያወቀ በማንኛውም አይረን ይሠራል።

አምስት_ኪሎ (አዲስ አበባ)
ጋሼ፣ እጁን በተመለከተ ያሉት እውነት ነው። የዳዮዱን ነገር ግን ለጀማሪ ባይነግሯት ደስ ይለኛል፤ እርስዎ በደንብ ሸፍነው ነው የሠሩት፣ እሷ በፕላስተር ጠቅልላው 220 እጇ ላይ ቢቀርስ?

የ60 ዋቱን ችግር በቁጥር ላስቀምጠው። መቆጣጠሪያ የሌለው አይረን ሙቀቱን የሚወስነው ከግድግዳው የሚመጣው መብራትና ከአይረኑ የሚወጣው ሙቀት የሚመጣጠኑበት ቦታ ነው። ሥራ ሳይነካ ሲቆም ከ400 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ሊድ አልይዝ ይላል። ወፍራም የኔጌቲቭ መስመር ስትነኪበት ደግሞ ይወርዳል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ 220 የነበረው 180 ቢደርስ የአንቺ 60 ዋት 40 ዋት ሆነ ማለት ነው። ጠዋት የሠራሽበት አይረንና ማታ የያዝሽው አንድ አይደሉም። ጋሼ ይህን የሚያካክሱት በብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ አዲስ ሰው ግን የተበላሸው እጇ ይሁን ዕቃው አትለይም። መቆጣጠሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጫፉ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል፣ የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዋቱ የሚነግርሽ የሙቀቱን ልክ ሳይሆን የወረደውን በምን ፍጥነት እንደሚመልስ ነው።

ሞባይል_ሐኪም (መገናኛ)
ስለ ሁለተኛው ምርጫ ላንሳ፣ የዚህ ገበያ ዕቃ ስለሆነ።

እጀታው ላይ ማዞሪያ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ውስጡ ሙቀት የሚለካ ነገር አለው፣ አንዳንዱ ግን እንደ አምፖል ዲመር ኃይሉን ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ 350 የሚለው ጽሑፍ ጌጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን የምትለዪበት ቀላል መንገድ አለ። ሰክተሽ 300 ላይ አድርጊው፣ ይሙቅ፣ ከዚያ አመልካች መብራቱን እዪ። መለኪያ ያለው መብራቱ ይጠፋል፣ ይበራል። ባለ ቁጥር ስክሪን ከሆነ እርጥብ ስፖንጅ አስነኪውና ቁጥሩ ወርዶ ሲመለስ እዪ። ሻጩ «አይሰካም» ካለሽ ሌላ ሱቅ አለ።

ከዚያ ጫፉን ፍቺው። 900ኤም የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው፤ መርካቶም መገናኛም በየቅርጹ ይሸጣል። ጀማሪ የማያስበው ይህንን ነው፦ አይረኑን አንዴ ትገዢዋለሽ፣ ጫፉን ግን በየጊዜው። ጫፉ የማይገኝ አይረን ምንም ያህል ቢያምር ካለቀ በኋላ ዱላ ነው። ሌላው፣ የርካሽ ጫፍ ውስጡ ይሰፋና ሴራሚክ ማሞቂያው ላይ ይንቀጫቀጫል። መሐሉ አየር ስላለ ሙቀቱ አይተላለፍም፣ 400 ብታደርጊውም ሊድ በግድ ያቀልጣል። እኔ ጫፍ የምገዛው እጀታዬን ይዤ ሄጄ፣ አስገብቼ አይቼ ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሰማሁት ዋጋ ሁሉ በወሩ ያረጃል።

ብልጭታ (ባህር ዳር)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእህቴ ደውዬ ሀኮው ቀርቷል። ጋሼ፣ የሞተ ራዲዮ አጎቴ ጋ አለ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ። ፓይንሲል ከሆነ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሠራል የሚሉት እውነት ነው? የጫፍ ቅርጽስ? ቬሮቦርድ ቀዳዳዎቹ ስለሚቀራረቡ በጣም ሹሉን ነው ያሰብኩት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)
እውነት ነው፣ ግን ፓወር ባንኩ ፒዲ የሚባለውን (ከ5 ቮልት በላይ የሚሰጠውን የዩኤስቢ-ሲ አሠራር) ማውጣት አለበት። ተራው 5 ቮልት ብቻ የሚሰጠው አያሞቀውም። ረጅሙ ጫፍ 8 ኦም ገደማ ነው። 20 ቮልት ላይ 50 ዋት ታገኚያለሽ፣ 12 ቮልት ላይ ግን 18 ዋት ብቻ። ስለዚህ 65 ዋት የላፕቶፕ ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ካለሽ ሥራው አለቀ፣ እሱ 20 ቮልት ይሰጣል። የሶላር ባትሪ ያላቸው ሰዎች በ12 ቮልትም ይሠሩበታል፤ የኤልኢዲ እግር ለመበየድ በቂ ነው፣ የኤልኤም317ቱን ሂትሲንክ (ሙቀት ማውጫ ብረት) ግን አትሞክሪው። ቻርጀርም ገመድም ከአይረኑ ጋር አይመጣም። ገመዱ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን፤ ደረቅ የስልክ ገመድ እጅሽን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ተማሪ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር፦ ውስጡ ያለው ሪስክ-ፋይቭ ቺፕ ነው፣ የሚሠራበትም አይረንኦኤስ የሚባል ክፍት ሶፍትዌር ነው። የሙቀት ቁጥጥሩን ኮድ ከፍተሽ ማንበብ ትችያለሽ። የኮንትሮል ኮርስ ሲመጣ ይጠቅምሻል።

ሞባይል_ሐኪም (መገናኛ)
ሹሉን አትግዢ! ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ጫፉም መርፌ መሆን ያለበት ይመስላል። የሹል ጫፍ ግን ፓዱን የሚነካው በነጥብ ነው፣ ሙቀቱ በዚያች ነጥብ አያልፍም፣ ሰውየው ሙቀቱን ወደ 420 ይሰቅለዋል፣ ፓዱ ይነቀላል። 2.4 ሚሊ ሜትር የመሮ ጫፍ ያዢ። ጠፍጣፋው ፓዱንም እግሩንም እኩል ይነካል፣ ጠርዙ ደግሞ ለጠባቡ ቦታ ይሆንሻል። የቬሮቦርድ ቀዳዳ ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይበቃል። እኔ ስልክ ቦርድ ላይ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የምይዘው የቢላ ቅርጹን ነው።

ነገሩ እንደ ምጣድ ነው። ወፍራሙ የሸክላ ምጣድ ሊጡ ሲፈስበት ሙቀቱን አይለቅም፣ ስሱ ግን ወዲያው ይበርዳል። ወፍራም ጫፍ 330 ላይ የሚሠራውን ቀጭኑ 400 ላይም አይሠራውም።

ደይራ_ማዶ (ዱባይ)
ከዚህ የሚመጣ ሰው ካለሽ ሌላ መንገድ አለ። የኤምሬትስ መብራት 230 ቮልት 50 ኸርዝ ስለሆነ የዚህ ገበያ ዕቃ እዚያ በቀጥታ ይሠራል፤ ሶኬቱ ብቻ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው፣ ማስተካከያ ይፈልጋል። 936 የሚባለው ባለ ሳጥን ስቴሽን እዚህ በየዓይነቱ አለ። ሞባይል_ሐኪም ያለው 900ኤም ጫፍ ይገባዋል። ትራንስፎርመር ስላለው ግን ከባድ ነው፣ ሰው ኪሎው ላይ ይነጫነጫል።

በጋዝ የሚሠራውንም የሚጠይቁኝ አሉ፣ መብራት ሲጠፋ ብለው። የጋዙ ቆርቆሮ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ አትልፉበት።

ጠያቂ_ብቻ (ሐዋሳ)
ጣልቃ ልግባ። ፍለክስ (ሊዱ እንዲፈስ መዳቡን የሚያጸዳው) ሳጣ ዕጣን ብጠቀም ይሆናል? ሁለቱም የዛፍ ሙጫ ናቸው ብዬ ነው።

አምስት_ኪሎ (አዲስ አበባ)
ክፍሉ ይታጠናል እንጂ ሊዱ አይፈስም :) ፍለክስ የሚሠራበት ሮዚን የጥድ ሙጫ ነው፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አሲድ የመዳቡን ዝገት ያነሳል፣ ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ ይደርቃል፣ ቦርዱን አይበላም። ዕጣን ግን ከሙጫው ጋር በውሃ የሚሟሟ ሌላ ነገር አለበት፣ እሱ አይቀልጥም፣ ይከስላል፣ ጥቁር ሆኖ ይጣበቃል። ሮዚን ካጣህ የቫዮሊን ተጫዋቾች ቀስታቸውን የሚቀቡት ያው የጥድ ሙጫ ነው፤ አልኮል ውስጥ አሟሟውና ተጠቀም።

የቧንቧ ሠራተኛ አሲድ ፍለክስ ግን በፍጹም። ዛሬ ያምራል፣ ከወራት በኋላ መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ ታገኘዋለህ።

ብልጭታ፣ አንቺም ስሚ፦ ውስጡ ፍለክስ ያለው ሊድ ገዝተሽ ትልቅ የፍለክስ ጣሳ ላይ ብር አታጥፊ፣ ለመጀመሪያ ኪትሽ የሽቦው ይበቃል። 63/37 (የቲንና የእርሳስ ድርሻው ነው) ካገኘሽ እሱን ያዢ፤ 183 ዲግሪ ላይ በአንዴ ይቀልጣል፣ በአንዴም ይደርቃል። 60/40 ከቀለጠ በኋላ እስኪደርቅ ለጥቂት ዲግሪ እንደ ገንፎ ይቆያል፣ በዚያ መሐል እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቀዝቃዛ ጆይንት (በደንብ ያልያዘ ብየዳ) ነው የሚሆነው። ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

የድሮ_ራዲዮ (ደሴ)
ስለ ሞረድ ያልኩትን ማንም አላነሳውም። ባለፈው አንድ ልጅ አዲስ አይረን ይዞ መጣ፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ ሊድ አይዝም። በሞረድ ላድስልህ ስለው በድንጋጤ ከእጄ ነጠቀኝ።

ሞባይል_ሐኪም (መገናኛ)
ጋሼ፣ ልጁ እውነት አለው፣ የእርስዎ ጫፍ ግን ሌላ ነው። የድሮው ድፍን መዳብ ስለሆነ ሲሞረድ ከሥር አዲስ መዳብ ይወጣል። ያሁኖቹ መዳቡ ላይ ስስ ብረት ተለብጧል፤ ሊዱ ውስጥ ያለው ቲን መዳብን እያሟሟ ስለሚበላ እሱን ለመከላከል ነው። ሞረድ ያንን ሽፋን ካነሳው ከዚያ በኋላ ጫፉ በየቀኑ ጉድጓድ ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ ማግኔት ያስነኩት፦ ከያዘው የተለበጠ ነው፣ ሞረድ አይነካውም። ካልያዘው ድፍን መዳብ ነው፣ እንደለመዱት።

የጠቆረውን የተለበጠ ጫፍ ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙ ሊድና ፍለክስ እየሰጡ የነሐስ ሽቦ ላይ ማሻሸት ነው። የድስት መፈተጊያው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፣ ይጭረዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁም ይቀልጣል። ሥራ ስትጨርሱ ጫፉን ጠርጋችሁ ሳይሆን ሊድ አልብሳችሁ አጥፉት።

የድሮ_ራዲዮ (ደሴ)
ማግኔቱን ሞከርኩት። የኔው አልያዘውም፣ የልጁ ያዘው። እግዜር ይስጥህ። ሞረዱን ግን አልጥለውም።

ወንዝ_ማዶ (አዳማ)
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቤታችን አብዛኛው ሶኬት ኧርዝ የለውም። ሁለት እግር ባለው ቻርጀር የሚሠራ አይረን ጫፉ ላይ ቮልቴጅ ይንሳፈፋል፤ በቴስተር ብትለኩት ከመብራቱ ግማሽ ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ከረንቱ ጥቂት ስለሆነ ሰው አይገድልም፣ እጅን ይነዝራል፣ ሞስፌት የሚባለውን ትራንዚስተር ግን ሊገድል ይችላል። ቲኤስ100 የሚባለው ፓይንሲልን የሚመስል አይረን ላይ ለዚህ የኧርዝ ማሰሪያ ብሎን አለ። ኧርዝ ያለው ሶኬት ካላገኘሽ ቢያንስ አርዱዊኖሽን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅዪ በአይረን አትንኪው። በፓወር ባንክ ስትሠሪ ይህ ችግር የለም።

ሰናይት_ቴክ (ቴል አቪቭ)
እኔ ደግሞ ስለ ጤና። ሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስ በአይረን ሙቀት አይተንም፤ የሚወጣው ጭስ የፍለክሱ ነው፣ እሱም ለአስም ጥሩ አይደለም። መስኮት ክፈቺ፣ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ጭሱን ከፊትሽ ይሳበው። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። እኛ ደግሞ እንጀራ በእጃችን ነው የምንበላው! ከሠራሽ በኋላ ሳትታጠቢ ቆሎም ቢሆን አትንኪ፣ የምትሠሪበትን ጠረጴዛ የምትበዪበት አታድርጊው። የተከራየሽው አንድ ክፍል ከሆነ የቆየ ትሪ ላይ ሥሪ፣ ስትጨርሺ ትሪውን ከነፍርፋሪው አንሺው።

እርሳስ የሌለበትን ግዢ የሚሉሽ ይኖራሉ። አውሮፓ ከሐምሌ 2006 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ለሽያጭ በሚወጡ አብዛኞቹ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ከልክሏል። የተለመደው ዓይነት የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል፣ ከደረቀም በኋላ ደብዛዛ ስለሚሆን ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ይከብዳል። መጀመሪያ በቀላሉ ተማሪ።

አምስት_ኪሎ (አዲስ አበባ)
ይህ የልምምድ ቦርድ ምርጫሽንም ይመለከታል። የአጎትሽ ራዲዮ የድሮ ከሆነ ሊዱ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ግን ቡናማው ቦርድ ላይ ያለው ፓድ ቶሎ ስለሚነቀል ሦስት ሰከንድ ሆኖት ካልለቀቀ አውርጂ፣ ይብረድ፣ እንደገና ሞክሪ። አዲስ የዲኮደር ቦርድ ካገኘሽ ደግሞ አልቀልጥ ቢልሽ አይግረምሽ፤ ከራስሽ ሊድ ትንሽ ጨምሪበት፣ ሲቀላቀል ይለሰልሳል። ሳከርም (የቀለጠ ሊድ መምጠጫ) አብረሽ ግዢ።

ብልጭታ (ባህር ዳር)
እንግዲህ ይኸው፦ እህቴ ፓይንሲል ታመጣልኛለች። 65 ዋት ቻርጀር የክፍል ጓደኛዬ ጋ አለ፣ እስክገዛ ያውሰኛል። እስከዚያ ሥራ አልፈታም ብዬ ባለ ማዞሪያውን ሱቅ ሄጄ አየሁ። 300 ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፣ መብራቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ሻጩም «ዲመር ነው እኮ» አለኝ ሳይደብቅ። ትቼው ወጣሁ።

አንድ የቀረኝ፦ ከአይረኑ ጋር የሚመጣው ጫፍ ሹሉ ነው ተባልኩ። የትኛውን ስም ልንገራት? ሌላስ በዚያው ሻንጣ ምን ይምጣ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)
ዲ24 በያት፤ 2.4 ሚሊ ሜትሩ መሮ እሱ ነው። ሁለት ታምጣ፣ የዚህ ዓይነት ጫፍ እዚያ እንደ 900ኤሙ በየሱቁ ላታገኚው ትችያለሽ። የሲሊኮን ገመድ አንድ፣ ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር 63/37 ትንሽ ጥቅል፣ የነሐስ ሽቦ ማጽጃ ከነጣሳው። ማረፊያ አያስፈልግሽም፣ ከወፍራም ሽቦ ጠምዝዘሽ ሥሪው። ይህ ሁሉ ከአንድ ኪሎ በታች ነው።

የድሮ_ራዲዮ (ደሴ)
ራዲዮው የትኛው ነው? አሁንም የሚያሰማ ከሆነ እንዳትፈቺው፣ ሌላ የሞተ እልክልሻለሁ።